መፋቂያና ሞርሳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ቀጭ ቀጭ ይላል ይሉኛል፤ እኔ አልሰማውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ብረት ሲጮህብኝ ኖሮ ጆሮዬ ሲደነቁር፣ ድምፅ ያለው ዕቃ መርጠው ሰጡኝ። እስቲ ይሁን፣ ከልባቸው ነው። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ስሜ አለምነሽ ነው። ደሴ ውስጥ አሮጌ ሞርሳ ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሞርሳ ለማያውቅ ልንገር፤ ብረት ሠራተኛ የሚሞርደውን ዕቃ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝለት፣ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር ከባድ መሣሪያ ነው። ሁለት መንጋጋ አለው። አንደኛው ንቅንቅ አይልም፤ ሌላኛው እጀታው ሲዞር ይገባል፣ ይወጣል። ሰው ሞርሳ የማይሞት ይመስለዋል። ይሞታል፣ ያውም ቀለም ተቀብቶ፣ አምሮበት እያለ ይሞታል።

ይህን የምጽፈው ስለ ሙያዬ ልመጻደቅ አይደለም። አንድ የሞተ ሞርሳ «ደህና ነው» ብዬ የጓደኛዬን እጅ አስበልቻለሁ። ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አድርጌ ዝም አልኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የተሰጠኝን ወረቀት ይዤ ብገባ ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጸሐፊ ጠይቀን ነበር እንዴ?» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ብቻ አልሳቁም። የወይራ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ እንደወተፉ የኃላፊውን አፍ አፉን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

ዘረጋሁላቸው። መዳፌን በአውራ ጣታቸው ደበስ ደበስ አደረጉት።

«ሞረድ የያዘ እጅ ነው። እኔ ጋ ትቁም።»

ጋሽ ይማም የተረከቡኝ እንዲህ ነው። ብዙ አያወሩም፤ መፋቂያቸውም ካፋቸው አይለይም። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ከከንፈሩ አይነቅሉም፤ እኛ ውሸት የሚያጠምዱ ይመስለን ነበርና እሳቸው ፊት የሚዋሽ አልነበረም። ወርክሾፑ ከሽመናው አዳራሽ ጋር በአንድ ግድግዳ የተለየ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማሽኑ ጩኸት ጥርስ ያንቀጠቅጣል። በምልክት ነበር የምንግባባው። ስለዚህ እሳቸው ዝም ማለታቸው ማንንም አልገረመም።

አሮጌ ሞርሳ ሲመጣላቸው የሚያደርጉትን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣለሁ። መጀመሪያ መታወቂያውን ይፈልጋሉ። አምስትና ስድስት ጊዜ የተደራረበ ቀለም ላይ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ ያሻሹታል፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል። ጽሑፍ ከሌለው መጠምዘዣውን አውጥተው ጥርሱን ያያሉ። ጥርሱ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ ጎኑ ያልሾለ ከሆነ «ይኼ የድሮ ሰው ሥራ ነው» ይላሉ፣ ፊታቸው ፈካ ይላል። ከዚያ ናፍጣ ውስጥ ይነክሩታል። የዛገ መጠምዘዣ አልላቀቅ ሲል መዶሻ የሚያነሳ ሰው ካዩ አለቀለት።

«ቸኩለህ ከሆነ ሂድና ዳቦ ቤት ተቀጠር!»

ጉልበት እንዲጨምር እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማጥበቅማ ከእሳቸው ጋር መጣላት ነው። «እጀታው የቀጠነው አውቀውበት ነው። ሲበዛበት እሱ ይጎብጣል፤ መንጋጋው ይተርፋል» ብለው አስረድተውኛል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጨረሻው ነገር ፈተናው ነው። ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ፈትተው ከጣሪያው ማገር በገመድ ያንጠለጥሉታል። «ቢስሚላሂ» ይላሉ። ግንባራቸው ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በትንሽ የነሐስ መዶሻ ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ደህና ብረት ረጅም ድምፅ አለው፤ ስንጥቅ ያለበት እንደ ተሰበረ ሸክላ ዷ ብሎ ይቀራል። እሳቸው ግን ድምፁ ከጠፋም በኋላ እንደ ጎነበሱ ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወይ «ደህና ናት»፣ ወይ «ሞታለች» ይላሉ። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም።

እኛ ዱዓ የሚያደርጉ ነው የመሰለን። ሙስሊሞቹ «አሚን» ይላሉ፤ ክርስቲያኖቹ ሥራ አቁመን እንጠብቃለን። እኔ ጎናቸው ስቆም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጋሽ ይማም፣ ጎንበስ ብለው ምን ያደርጋሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም። እንዴት ብዬ? ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር መሐል ገብቶ ማብራሪያ መጠየቅ እኛ አገር ነውር ነው። የእሳቸው የእሳቸው ነው፣ የእኔ የእኔ። እኔም በፈንታዬ መዶሻ ስይዝ «በስመ አብ» ብዬ፣ እንደሳቸው ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ጆሮዬ ያኔ ሹል ነበርና ሰማሁ፣ ለየሁ፣ ተመሰገንኩ።

አንድ ጊዜ ደጋን አካባቢ ከፈረሰ የመንገድ ሥራ ካምፕ አንድ ሞርሳ መጣ። ጭቃና ዝገት ብቻ ነው። ኃላፊው «ውዳቂ ነው፣ ጣሉት» አለ። ጋሽ ይማም ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ዘጠኝ ቀን ነከርኩት፣ ፈታሁት፣ መጠምዘዣውን በእንጨት ስንጣሪና በሽቦ ብሩሽ ጥርስ በጥርስ ጠረግሁት። አንጠልጥዬ ስመታው ድምፁ እንደ ደወል ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። «ደህና ናት!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ደግሞ ጎንበስ አሉና ነቀነቁ። ከዚያ የፊደል ማተሚያ ብረት አንስተው፣ «ፈተናውን ያለፈ ሥራሽ ላይ ምልክትሽን አሳርፊ። ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና ያልኩት ሞርሳ መንጋጋ ሥር «አ» የምትል ፊደል መትቻለሁ።

ጡረታ ወጥተው ወደ ሐርቡ ሲሄዱ የነሐስ መዶሻቸውን ሰጡኝ። ሌላ የሚሰጡኝ ነገር እንዳለ አላወቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ወደሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተዛወርኩ። ከኮምቦልቻ ሙቀት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ጉም ውስጥ መግባት ለሰውም ለብረትም አይስማማም፤ ማታ የጠረግሁት መንጋጋ ጠዋት ቀይ ብሎ ይጠብቀኛል። ደመወዙ ያው ነው፣ ወረቀቱ በዛ። የካሰኝ እንድሪስ ነው።

እንድሪስ የሞረድ መምህር ነበር። እንደሱ ያለ ቀኝ እጅ አላየሁም። የሞረደውን ብረት ቀጥ ካለ ማስመሪያ ጋር ገጥሞ ወደ መስኮት ያነሳዋል፤ በመሐሉ ብርሃን አያልፍም። ሲሞርድ ያንጎራጉራል፣ ሲጨርስ ይሳደባል። «አለሜ፣ ነይ እዪ፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው ደሴ ውስጥ ካለ መፋቂያዬን እበላለሁ!» እያለ ይፎክርብኛል። እኔም «ብላ፣ ቁርስም አልበላህ» እለዋለሁ። በሥራ ቦታ ወንድም አገኘሁ ማለት ይቻላል።

ጆሮዬ መክዳት የጀመረው እዚያ ነው። መጀመሪያ ጭው የሚል ነገር መጣ። ቀጥሎ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ አልሰማም፤ «ኮራች» ተባልኩ። ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ያልሰማሁትን እሺ አልኩ። አንድ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሠራተኛ ጆሮው ሲደክም ዳይሬክተሩ «ወርክሾፕ ውስጥ አደጋ ነው» ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብተውት ነበር። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፤ መጀመሪያም ቦታሽ አይደለም የሚል አይጠፋም። ፈራሁ፣ ደበቅሁ። ሐኪም ዘንድ እንኳ አልሄድኩም።

ያ ሞርሳ የተገኘው ከግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ ውዳቂ ክምር ሥር ነው። ትልቅ ነው፤ ለሁለት ተሸክመን አወጣነው። ዳይሬክተሩ ሲያዩት ዓይናቸው በራ።

«ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ወርክሾፑ መሐል ይቁምልኝ።»

«ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ።

«ወይዘሮ አለምነሽ፣ እርስዎ እያሉ?»

ይቺ «እርስዎ እያሉ» የምትል ቃል ናት የገደለችኝ። ደስ አለችኝ! ስድስት ቀን ሌት ተቀን ሳልል ሠራሁት። መጠምዘዣው እንደ ቅቤ ሆነ። ረቡዕ ከሰዓት መንጋጋውን አንጠለጠልኩ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ውጭ ያጓራል። በስመ አብ አልኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ መታሁት። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ የሰማሁት የደጋኑ ሞርሳ ድምፅ ነው። ጆሮዬ ውስጥ የቀረ፣ የድሮ ድምፅ። ያን ዕለት ከፊቴ የተንጠለጠለው ብረት ምን እንዳለ ፈጣሪ ይወቅ። «አ» መታሁበት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ እንግዶቹ ፎቶ ተነሱበት።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እንድሪስ የጎበጠ ወፍራም ዘንግ ሊያቃና አሰረበት። እኔ ከእሱ አራት እርምጃ ርቄ እየሞረድኩ ነበር። ዘንጉ ሲንሸራተትበት ጊዜ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰካና አጠበቀ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ጠረጴዛው ሲነዝረኝ ቀና አልኩ። መንጋጋው ከሥሩ ተገንጥሎ ወድቋል፣ ዘንጉ ተወርውሯል፣ እንድሪስ ቀኝ እጁን በግራው ጭምቅ አድርጎ ይዞ አፉን ከፍቷል። እየጮኸ ነው። እንደሚጮህ የማውቀው አፉን ስላየሁ ነው።

ሆስፒታል ወሰዱት። ጠቋሚ ጣቱና የመሐል ጣቱ አልተረፉም።

ወርክሾፑ ሲበተን እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የወደቀውን መንጋጋ አንስቼ የተሰበረበትን ፊት አየሁ። አዲስ የተሰበረ ብረት ውስጡ ብር የመሰለ ግራጫ ነው። ይኼኛው ከዳር የጥፍር ስፋት ብቻ ነው ያበራው። የቀረው ጥቁር ነበር፤ የቆየ፣ የተጋገረ ዝገት። ስንጥቁ እኔ ከማግኘቴ በፊት ለዓመታት እዚያ ነበር። እጀታውን አየሁ። ቀጥ እንዳለ ነው፣ አልጎበጠም። ቧንቧ ቢሰካም ደህና ሞርሳ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጎብጠው እጀታው ነበር። መንጋጋው ሥር «አ» ከነቀለሙ ቁጭ ብላለች።

መንጋጋውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውም ሞረድ ይዘው አያውቁም፤ የተሰበረው መንጋጋ የት ገባ ብለው እንኳ አልጠየቁም። እንድሪስ እጁ እንደተጠቀለለ መጣና ሳይጠይቁት፣ «ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ቧንቧ ሰክቻለሁ። አለሜ ስንቴ ነግራኛለች» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሰብሳቢውን ከንፈር ነው ያነበብኩት።

«ሞርሳው ደህና ነበር?»

እንድሪስ ያየኛል። እውነቱን ብናገር ጆሮዬም ይወጣል፣ ምልክቴም ያከትማል፣ እኔም ግምጃ ቤት እገባለሁ።

«ደህና ነበር» አልኩ።

«የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ሞረድ መያዝ ስላልቻለ በር ላይ፣ ጥበቃ አደረጉት። እሱም አልተከራከረም። የገዛ ቸልተኝነቱ እንደበላው አምኗልና ከዚያ በኋላ ወርክሾፕ ደጃፍ አልረገጠም። ሰው ስለ ሞረድ ሲጠይቀው፣ «ተወኝ፣ እኔ ለራሴም ያልሆንኩ» ይላል። ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ስገባ ያን ግማሽ እጁን ያነሳልኛል። «አለሜ፣ እንዴት አደርሽ? ሰላም ነሽ?» ይለኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ! አንዳንድ ቀን በጓሮ በር ዞሬ እገባ ነበር።

ከአደጋው በኋላ በነበረው ወር መንጋጋውን በቦርሳ ይዤ ሐርቡ ወረድኩ። ጋሽ ይማም ደጃፋቸው ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ መፋቂያው አፋቸው ውስጥ ነው። ሰላም አልኳቸው፣ ዝም አሉ። ልጃቸው ሶፊያ ከጓሮ ብቅ አለች።

«ፊታቸው ሂጂና ተናገሪ፣ አይሰሙም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ እኔ ስወለድም አይሰሙም ነበር» አለችኝ።

ክው አልኩ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከንፈሬን እያዩ ሰሙኝ። መንጋጋውን ሳወጣው ጥቁሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«በምን አዳመጥሽው?» አሉ።

«እንደርስዎ ነዋ! ጎንበስ ብዬ፣ በጆሮዬ!»

«እኔ መች በጆሮዬ ሰማሁ?»

መፋቂያውን በጥርሳቸው ነከስ አደረጉና ጫፉን መንጋጋው ላይ አሳረፉ። ጣቴን ይዘው ብረቱን በጥፍሬ እንድመታ አደረጉኝ። ከዚያ መፋቂያውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ። ነከስኩት፣ ብረቱን አስነካሁት፣ መታሁት። ጥርሴ ላይ አንዲት አጭር፣ የሻከረች ንዝረት መጥታ ቁርጥ አለች። ቀጥለው ከበሩ ሥር ደህና የብረት ቁራጭ አነሱ። እሱን ስመታው ንዝረቱ ከጥርሴ ወደ ጉንጬ፣ ከጉንጬ ወደ ግንባሬ ረጅም ሆኖ ሄደ። ጎንበስ የሚሉት ለዚህ ነበር። መፋቂያውን ብረቱ ላይ ለማሳረፍ።

«ዱዓ ነው ብለን… ዘጠኝ ዓመት…» አልኩ።

«ቢስሚላሂማ ውሃ ስጠጣም እላለሁ!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሞላ። «ደንቆሮ ነው ብለው እንዳያባርሩኝ ደበቅሁ። አንቺ ስታጎነብሺ ባየሁ ጊዜ የገባሽ መሰለኝ። አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽ።»

«ጋሽ ይማም፣ አሁን ምን ላድርግ?»

«ሂጂ ለልጁ ንገሪው። እኔም አለሁበት በይው። ይኼን ሳትነግሪው እንዳታድሪ።»

እሺ ብዬ ተመለስኩ። አደርኩ። ሌላም ቀን አደርኩ። በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ይማም ዐረፉ፤ ለቅሶ ስሄድ ሶፊያ «ሁልጊዜ ‹ያቺ ልጅ ነገረችው ይሆን?› ይሉ ነበር» ስትለኝ እንባዬ ለእሳቸው ይሁን ለኀፍረቴ አላወቅሁም።

ሥራዬንማ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ መፋቂያ የፈተንኩት ሞርሳ የለም። በዚያ ላይ ቀለም ከመቀባቴ በፊት ብረቱን በነጭ ጋዝ አርስሼ፣ ጠርጌ፣ የጠመኔ ዱቄት እነሰንስበታለሁ፤ ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ያሰምራል። ጆሮዬ እንደማይሰማም ለዳይሬክተሩ ተናገርኩ፤ እንደፈራሁት አልሆነም፣ ማንም አላባረረኝም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። የጆሮዬን ነገር ለሁሉም ተናገርኩ፤ የሞርሳውን ነገር ግን ለእንድሪስ አልነገርኩትም።

ጡረታ ወጥቼ ግቢዬ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ዘንድሮ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንድሪስ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። እሱም ጡረታ ወጥቶ ገራዶ ነው የሚኖረው። ጆንያውን ዘረገፈው። ከሰኞ ገበያ ውዳቂ የገዛው ሞርሳ ነው፤ ትንሽ፣ ጥርሱ አራት ማዕዘን፣ የድሮ ሰው ሥራ።

ጆሮዬን ያውቃልና ፊቴ ቆሞ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ዓይኔ አረፈበት። በግራ እጄ መሞረድ ለምጃለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። እንደ ድሮው ባይሆንም ማጠፊያ፣ ቁልፍ… አይከፋም።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«ፈራሁ እንጂ ሌላ ምን አለ! ይኼ የቀረኝ እጅ ነው። አንቺ እዪልኝ። አንቺ ደህና ነው ካልሽ እጄን አስገባበታለሁ።»

ፈታሁት፣ አንጠለጠልኩት፣ መፋቂያዬን ነከስኩና ጎንበስ አልኩ። መታሁት። ንዝረቱ ረጅም፣ ንጹሕ ሆኖ ግንባሬ ድረስ ሄደ። ጠመኔውም መስመር አላወጣም። ደህና ነው! «ደህና ነው» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር፤ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እቀራለሁ። እሱ አፌን አፌን ያየኛል። የኮሚቴው ቀን እንዳየኝ።

«ቆየኝ» ብዬ ቤት ገባሁ። ጥቅሉን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። አረንጓዴው መንጋጋ ነው።

ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሙያተኛ ነው። አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ጥቁሩን አየ፣ የምታበራዋን ጠባብ ዳር አየ። «አ» የምትለዋን በአውራ ጣቱ ዳበሳት።

«እጀታውስ?» አለ።

«አልጎበጠም ነበር። ቀጥ እንዳለ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«በዚያው ሰዓት አወቅሁ። አልሰማሁትም ነበር እንድሪስ፤ ጆሮዬ ሞቶ ነበር፣ ደበቅሁ። ስጠየቅ ደህና ነበር አልኩ።» ስለ ጋሽ ይማምም፣ ስለ መፋቂያውም ነገርኩት። «እኔም አለሁበት በይው» ያሉትን ጨመርኩ።

ፊቱ ደም መሰለ። «አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት እዚያ በር ላይ ገትረሽ አስቀመጥሽኝ! እኔ እኮ… ያ ረቢ! እኔ እኮ እጄን ራሴ የበላሁ መስሎኝ ሞረድ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር! ጣቴንስ ይሁን። ሙያዬን ምን አድርጌሽ ነው የነጠቅሽኝ?»

«በድዬሃለሁ» ብቻ አልኩት። ጆንያውንም ሞርሳውንም ጥሎ ወጣ።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ዘጠኙንም ቀን ሞርሳው ተፈታትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ልገጥመውም ልነካውም አልቻልኩም። በአሥረኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ሰላምታ የለም።

«መፋቂያ አምጪ» አለ።

አዲስ ቆርጬ ሰጠሁት። አነካከሱን አሳየሁት። መጀመሪያ የተሰበረውን አንጠልጥሎ መታው፤ ፊቱ ተጨማደደ። ቀጥሎ የራሱን ሞርሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግራ እጁ መዶሻውን ይዞ፣ ሦስት ጊዜ። ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ።

«ደህና ናት» አለ። ለእኔ አይደለም የተናገረው።

ሞርሳውን ጆንያ ውስጥ ከተተ። የተሰበረውንም መንጋጋ አንስቶ «ይኼ የኔ ነው» አለና ጨመረበት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ከንፈሩን እንዳነብ ብሎ ነው።

«ቅዳሜ ገራዶ ነይ። አራት ብሎን አለው፤ በዚህ እጅ ሁለቱን ነው ማጥበቅ የምችለው።»

ሄድኩ። እሱ ሁለቱን አጠበቀ፣ እኔ ሁለቱን። ስጨርስ ቀና ብል ያንን አረንጓዴ መንጋጋ ከሞርሳው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ጥቁሩ ፊት ወደ ሰው ዞሯል፣ «አ» ትታያለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አብረን እንሠራለን። ማጠፊያ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ያን ብረት አይቶ ምንድነው ብሎ ይጠይቀዋል። እንድሪስ ከሞረዱ ቀና ሳይል በጣቱ ወደ እኔ ያሳያል፤ «እሷን ጠይቋት» ይላል። እኔም ሥራዬን አቁሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።